«ቦሊስ»፣ «ቴሌቢዥን»፣ «እስኩል»፦ ልጅዎ ከአያቱ ቤት ይዞት የመጣው አነጋገር

ክረምቱን መራዊ፣ ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ አያቶቹ ዘንድ ያሳለፈ ልጅ ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ አንደበቱም ትንሽ ተለውጦ ይመጣል። ፖሊስ «ቦሊስ»፣ ፖስታ «ቦስታ»፣ ቴሌቪዥን «ቴሌቢዥን» ይሆናል። ቤት ውስጥ ያስቃል። ክፍል ውስጥ ሲሳቅበት ግን ልጁ እጁን ማውጣት ሊያቆም ይችላል። ወላጅን ሊያሳስበው የሚገባው ይህ ነው።

ለምን «በ» ይሆናል?

«ፐ» በአማርኛ የምትገኘው በአብዛኛው ከውጭ በመጡ ቃላት ላይ ነው። «ቨ» ደግሞ «በ» ላይ ሰረዝ ተጨምሮ የተሠራች የቅርብ ጊዜ ፊደል ናት። አፍ ያልለመደውን ድምፅ በሚቀርበው ይተካል። ስሟ ከግሪክ የመጣው ጳጉሜም በብዙ ሰው አፍ «ቋግሜ» የሆነችው ድምፁ ስላልተለመደ ነው።

«እስኩል» እና «እስፖርት» ማለት ደግሞ የገጠር ብቻ አይደለም፤ ከተሜውም ይለዋል። አማርኛ ቃልን በሁለት ተከታታይ ተነባቢዎች መጀመር ስለማይወድ «እ»ን ያስቀድማል። ስፓኒሾችም ትምህርት ቤትን «እስኩዌላ» ይላሉ። ብዙ ዐረብኛ ተናጋሪዎች ፔፕሲን «ቤብሲ» ይሉታል። እንግሊዞችም በተራቸው «ቀይ» በሉ ሲባሉ «ከይ» ይላሉ።

ቤት ውስጥ ምን ይደረግ?

• አይሳቁ፤ ቃሉን በመልስዎ ውስጥ አስተካክለው ይድገሙት። «ቦሊስ አየሁ» ካለዎት፣ «ፖሊሱ የት ነበር?» ይበሉት።

• ቀጭን ወረቀት አፉ ፊት ይያዙ። «ፐ» ሲል ወረቀቱ ይርገበገባል፤ «በ» ሲል ብዙም አይነቃነቅም። ለ«ቨ» የላይ ጥርሱን እንደ «ፈ» የታች ከንፈሩ ላይ ያሳርፍና ጉሮሮውን ያሰማ።

• ትርጉም በሚለውጠው ላይ ያተኩሩ። በእንግሊዝኛ «ፓክ» እና «ባክ»፣ «ቫን» እና «ባን» የተለያዩ ቃላት ናቸው። «እስኩል» ግን ማንንም አያሳስትም።

• አያትን በልጁ ፊት አያርሙ። የእሳቸው አነጋገር ስሕተት ሳይሆን የአገራቸው ለዛ መሆኑን ይንገሩት።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው። ያኔ ልጅዎን የሚጠቅመው ሳይፈራ መናገሩ ነው፤ ድምፁ በልምምድ ይስተካከላል።