መምህርስ ከማን ይማር?

ጠበቃ ወይም መሐንዲስ ለመሆን የሚማር ሰው ሙያው ሲሠራ በቅርብ የሚያየው ዘግይቶ ነው። መምህር ግን መምህራንን ሲያይ ያደገ ነው። አሜሪካዊው የሶሲዮሎጂ ምሁር ዳን ሎርቲ እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ መምህራን ባሳተመው መጽሐፍ፣ አንድ ሰው ሁለተኛ ደረጃን እስኪጨርስ 13,000 ሰዓት ያህል መምህር ፊት ተቀምጦ እንደሚያሳልፍ ገምቷል። ችግሩ ይህ ሁሉ ልምምድ የተገኘው ከተማሪ ወንበር ላይ መሆኑ ነው። መምህሯ ያንን ጥያቄ ለምን እንደመረጠች፣ የትኛውን ምሳሌ አስባ እንደተወችው፣ ማታ ደብተር ስታርም ምን እንዳስጨነቃት ከዚያ ወንበር ላይ አይታይም። ስለዚህ ጀማሪው ክፍል ገብቶ ነገሩ ሲጠነክርበት ሳያስበው ወደሚያውቀው ይመለሳል፤ እሱን እንዳስተማሩት ያስተምራል።

ሎርቲ ትምህርት ቤትን ከእንቁላል ካርቶን ጋር አመሳስሎታል። መምህራኑ በአንድ ግቢ፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው፤ ግን እያንዳንዱ በየጉድጓዱ ስለተቀመጠ አንዱ ሌላውን አይነካውም። በሩ ከተዘጋ በኋላ ክፍሉ ውስጥ ያለው አዋቂ አንድ ብቻ ነው። ርእሰ መምህሩ ወይም ሱፐርቫይዘሩ ብቅ የሚሉት ለምዘና ነው፤ ለምዘና በመጣ ሰው ፊት ደግሞ ድክመቱን አውጥቶ የሚያሳይ የለም። በእኛ አገር ይሉኝታውም ይጨመርበታል። ከመማሪያ መጽሐፉ መልመጃ አንዷ አልወጣ ያለችው መምህር ጎረቤት ክፍል ሄዶ «እስቲ ይቺን አሳየኝ» ማለት ይከብደዋል። መምህር ሁሉን ያውቃል ተብሎ ይጠበቃላ።

በኢንተርኔት የሚሰባሰቡ መምህራንን ሥራ ለመመዘን ከዚህ ከተዘጋ በር መነሳት ያስፈልጋል። ስብስቡ በሩን ከፍቶታል ወይስ ደጅ ላይ ወሬ ብቻ አደመቀ?

የእነዚህ ስብስቦች ንድፈ ሐሳብ ከተጠነሰሰባቸው ቦታዎች አንዱ የልብስ ስፌት ቤት ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ጂን ሌቭ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ላይቤሪያ፣ ሞንሮቪያ እየተመላለሰች የቫይና የጎላ ብሔረሰብ ልብስ ሰፊዎችን አጠናች። እዚያ ጥቁር ሰሌዳ የለም፤ ባለሙያው ቆሞ «ዛሬ ስለ ኪስ እንማራለን» አይልም። ሆኖም ተለማማጆቹ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሰፊ ሆነው ይወጣሉ። የሌቭን ትኩረት የሳበው የሥራው ቅደም ተከተል ነበር። ልብስ ሲሠራ መጀመሪያ ጨርቅ ይቆረጣል፣ ቀጥሎ ይሰፋል፣ በመጨረሻ ቁልፍ ይተከልና ይተኮሳል። ተለማማጁ ግን የሚማረው ከኋላ ወደ ፊት ነው፤ ከቁልፉ፣ ከጠርዙና ከካውያው ይጀምርና መቁረጥን የሚነካው በመጨረሻ ነው። ያለቦታው የተተከለ ቁልፍ ተፈትቶ ይስተካከላል፤ በስሕተት የተቆረጠ ጨርቅ ግን ከስሯል። ደግሞም ቁልፍ የሚተክለው ልጅ ሙሉው ልብስ እጁ ላይ ስላለ ክፍሎቹ እንዴት እንደሚገጣጠሙ ያያል። ጎኑ ሌላው ሲቆርጥ፣ ከደንበኛ ጋር ሲከራከር ይሰማል።

ሌቭ ከስዊዘርላንድ ተወላጁ ኤቲየን ዌንገር ጋር ሆና በ1991 ባሳተመችው አነስተኛ መጽሐፍ ይህንን ከሌሎች ጥናቶች ጋር አጣመረችው፤ ከዩካታን አዋላጆች፣ ከባሕር ኃይል መርከበኞች፣ ከሥጋ ቆራጮችና መጠጥ ለመተው ከተሰባሰቡ ሰዎች ጋር። የሁሉም መንገድ ተመሳሳይ ነው ይላሉ። አዲስ ሰው ከዳር ይገባል፤ ትንሽ ግን እውነተኛ ሥራ ይሰጠዋል፤ እየዋለ ሲያድር ወደ መሐል ይጠጋል። ይህን ዓይነቱን ስብስብ የሙያ ማኅበረሰብ አሉት። ዌንገር በኋላ ባብራራው መሠረት ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ አባላቱን የሚያገናኝ ጉዳይ፣ እርስ በርስ የሚተዋወቁ ሰዎች፣ አብረው የሚያዳብሩት አሠራር።

ይህን ስፌት ቤት ወደ ኮምፒዩተር ለማዛወር በቀደምትነት ከሞከሩት አንዱ ታፕድ ኢን ይባላል። ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ የሚገኘው ኤስአርአይ ኢንተርናሽናል የተባለው የምርምር ተቋም በ1997 ከፈተው። መጀመሪያ ላይ ነገሩ ሁሉ በጽሑፍ ላይ የቆመ ነበር። መምህሯ ስትገባ አንድ ሕንጻ ውስጥ እንዳለች በጽሑፍ ይነገራታል፤ ፎቅ አለ፣ ክፍል አለ፣ አብረዋት ክፍሉ ውስጥ ያሉት ሰዎች ስም ይዘረዘራል፣ ከፈለገች የራሷ ቢሮ ይሰጣታል። ከሥራ ሰዓት በኋላ በርእስ በርእስ የተከፋፈሉ ውይይቶች ይካሄዱ ነበር። ዛሬ ለሚያየው ፈገግ ያሰኛል። እኔ ግን ብልሃቱ ይገባኛል፤ ንድፉን ያወጡት ሰዎች መምህር በብዛት የሚማረው ከስብሰባው ይልቅ ኮሪደር ላይ መሆኑን ተረድተው ነበር።

ከሁሉ የሚገርመው በ2003 ያደረጉት ነው። ታፕድ ኢን ላይ ከሠሩት መካከል ማርክ ሽላገርና ጁዲት ፉስኮ በአንድ ጥናታዊ ጽሑፍ የራሳቸውን ሥራ መልሰው መረመሩት። የመምህሩ እውነተኛ የሙያ ማኅበረሰብ ያለው በትምህርት ቤቱና በአካባቢው ነው፤ እኛና መሰሎቻችን ግን ከዚያ ነጥለን ሌላ ቦታ ሰብስበነዋል፣ ማኅበረሰቡን ሳናውቅ ቴክኖሎጂውን አስቀድመናል የሚል ነበር ፍሬ ነገሩ። የራሱን ምርት እንዲህ የሚመረምር ተቋም ብዙ አላየሁም። ታፕድ ኢን በ2013 ተዘጋ።

በመሐሉ ዓለም ተቀይሮ ነበር። በ2008 ጆርጅ ሲመንስና ስቲቨን ዳውንስ በካናዳው ማኒቶባ ዩኒቨርሲቲ በኢንተርኔት የሰጡት ኮርስ 25 ያህል ከፋይ ተማሪዎች ነበሩት፤ በነፃ የተከታተሉት ግን ከ2,200 በላይ ሆኑ። በ2009 ደግሞ ሦስት አሜሪካውያን መምህራን ኤድቻት የተባለውን የትዊተር ውይይት ጀመሩ፤ ማክሰኞ ማክሰኞ አንድ ርእስ ተሰጥቶ በሺህ የሚቆጠር አጭር መልእክት ይጎርፍበት ነበር። ስለዚህኛው ብዙ የምለው የለኝም። ብቸኝነትን ያባርራል፣ ሞቅ ይላል፤ በማግሥቱ ክፍል ይዞት የሚገባ ነገር ግን ጥቂት ነው።

የተለየው የሒሳብ መምህራኑ ነገር ነው። እዚያው ትዊተር ላይና በየግል ብሎጎቻቸው፣ በአብዛኛው አሜሪካውያን የሆኑ የሒሳብ መምህራን ያለ መሥሪያ ቤትና ያለ በጀት ተሰባሰቡ። ከልማዶቻቸው አንዱን እዚህ ልዘርዝረው። አንዱ የተማሪን የተሳሳተ ሥራ ፎቶ አንሥቶ ይለጥፍና «ይህ ልጅ ምን እያሰበ ነበር?» ብሎ ይጠይቃል። ለምሳሌ 1/2 + 1/3 = 2/5 ብሎ የጻፈ ተማሪ እንውሰድ። ይህን አይቶ የማያውቅ መምህር የለም፤ ቀይ እስክሪብቶ ይሰመርበታል፣ «የጋራ ታሕት ፈልግ» ይባላል፣ ይታለፋል።

ሰዎች አብረው ሲያዩት ግን ሌላ ነገር ይወጣል። አንዱ ላዕሉን ከላዕል፣ ታሕቱን ከታሕት ደምሮ ነው ይላል፤ እውነት ነው፣ ግን ያደረገውን እንጂ ያሰበውን አይነግረንም። ሌላዋ እንዲህ ልትል ትችላለች፦ ልጁ ኳስ ይወዳል እንበል። ትናንት 2 ፍፁም ቅጣት ምት መትቶ 1 አገባ፣ ዛሬ 3 መትቶ 1 አገባ፤ በድምሩ ከ5 ምት 2 አግብቷል። ለዚያ ጥያቄ 2/5 ትክክለኛ መልስ ነው! ስለዚህ ልጁ መደመር አልጠፋበትም፤ የጠፋበት ግማሹም ሲሶውም የአንዱ ዳቦ ቁራሽ መሆናቸው ነው። ሦስተኛው ይጨምራል፦ ታዲያ ደንቡን ከመድገም «2/5 ከግማሽ ይበልጣል ወይስ ያንሳል?» ብለህ ጠይቀው፤ ግማሽ ላይ ጨምሬ እንዴት ከግማሽ በታች ወረድኩ ብሎ ራሱ ይደነግጣል። እዚህ ላይ የተዘጋው በር በእርግጥ ተከፍቷል። የቀረበው የአንድ ክፍል እውነተኛ ሥራ ነው፣ ያዩት ሰዎች ያንኑ ሥራ የሚሠሩ ናቸው፣ የተገኘው ጥያቄ ነገ ጠዋት ይሞከራል። እነዚሁ መምህራን በስክሪን መተያየቱ ስላልበቃቸው እ.ኤ.አ. በ2012 ሴንት ሉዊስ ከተማ በአካል ተገናኙ፤ እስከ 2019 ድረስም በየክረምቱ ከተማ እየቀያየሩ ተሰባስበዋል።

የዝምተኞቹስ ነገር? ያኮብ ኒልሰን የተባለው የኮምፒዩተር አጠቃቀም ባለሙያ በ2006 እንደጻፈው፣ በእንዲህ ያሉ ስብስቦች ከ100 ሰው 90ው ያነባል እንጂ አይጽፍም፣ 9ኙ አልፎ አልፎ ይጽፋል፣ አብዛኛው ጽሑፍ የ1 ሰው ነው። አስተባባሪዎች በዚህ ይበሳጫሉ፤ «ዝም ያለ ይወጣል» የሚል ማስጠንቀቂያ የሚለጥፉም አሉ። ሞንሮቪያ ላይ ግን ዳር መቀመጥ ጥፋት አልነበረም፤ መግቢያው እሱ ነበር። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። የስፌት ቤቱ ዝምተኛ እጁ ላይ ቁልፍ ነበረው። የስክሪኑ ዝምተኛ እጁ ባዶ ነው። ስለዚህ አስተባባሪ ሰውን ናገር ብሎ ከማስጨነቅ፣ ዳር ላለው ሰው የሚተከል ቁልፍ ቢፈልግለት ይሻላል። አንዱ መምህር ያቀረበውን ጥያቄ በራሱ ክፍል ሞክሮ ተማሪዎቹ ምን እንዳሉ በሁለት መስመር መመለስ፣ ለምሳሌ፣ ጥሩ ቁልፍ ነው።

እኛ ጋ ይህ ሥራ የሰፈረው ቴሌግራም ላይ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ መምህሩም ተማሪውም የበለጠ ለመደው፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣም የታተመው መጽሐፍ ሳይደርስ ፒዲኤፉ የደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች ጥቂት አይደሉም። ቴሌግራም ሁለት ዓይነት ቤት አለው። ቻናል ላይ የሚናገረው ባለቤቱ ነው፤ ሌላው ይቀበላል። ግሩፕ ላይ ሁሉም ይናገራል፣ እስከ 200,000 ሰውም ይይዛል። የመምህራን ቻናሎቻችን ያለፉ ዓመታት ፈተና፣ የትምህርት ዕቅድና ወርክሺት ያከፋፍላሉ፤ ግሩፖቹ ደግሞ ስለ ዝውውርና ስለ ደመወዝ ይወያያሉ። ሁለቱም ይጠቅማሉ፤ መጽሐፍ ለሌለው መምህር ፒዲኤፍ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን የሌላ ሰው ዕቅድ አውርዶ ርእሰ መምህሩ ዘንድ ማስፈረም ክፍሉን አይነካውም።

የሚያስቆጨው መሠረቱ በቦታው መኖሩ ነው። ሽላገርና ፉስኮ አጣነው ያሉት የአካባቢ ማኅበረሰብ እኛ ጋ መዋቅር አለው። ትምህርት ቤቶቻችን በጉድኝት ተደራጅተዋል፤ ጎረቤት የሆኑ ጥቂት ትምህርት ቤቶች አንዱን ማዕከል አድርገው ይሰባሰባሉ። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ (ሲፒዲ) መርሐ ግብሩም እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለራሱ መሻሻል እንዲያውል ይጠይቃል። ብዙ ቦታ ግን ሲፒዲ ሲባል መምህሩ ትዝ የሚለው ፖርትፎሊዮ መሙላት ነው።

በአንድ ጉድኝት ያሉ የፊዚክስ መምህራን፣ ስምንት ወይም አሥር ይሁኑ፣ የራሳቸው ትንሽ ግሩፕ ቢኖራቸውና በሳምንት አንድ ሰው አንድ የፈተና ወረቀት ፎቶ ቢለጥፍ ወጪው ከሞባይል ዳታ አያልፍም። የተማሪው ስም ግን አስቀድሞ ይሸፈን፤ የልጅ ስሕተት ከነስሙ ከስልክ ስልክ መዞር የለበትም። ሰዎቹ ስለሚተዋወቁ ይሉኝታው መጀመሪያ ላይ ይብስ ይሆናል፤ ስለዚህ የመጀመሪያውን ፎቶ ሲኒየሩ መምህር ከራሱ ክፍል ቢያወጣ ይመረጣል። ቴሌግራም ሌላም ጉድለት አለው፦ ሰኞ የተሰጠ ግሩም ማብራሪያ ዓርብ በ«እንኳን አደረሳችሁ» ሥር ተቀብሮ ይገኛል። የሳምንቱን ውይይት አጣርቶ በአንድ ገጽ ማስቀመጥ ለአዲሱ ምሩቅ ቢሰጥ የእሱ ቁልፍ ይሆናል፤ ለመጻፍ ሲል ሁሉንም ማንበብ፣ ያልገባውን መጠየቅ አለበት። ያ ገጽ ፖርትፎሊዮው ውስጥ ሲገባ ከ60ው ሰዓት ሊታሰብለት ይገባል ባይ ነኝ፤ ሱፐርቫይዘሩ ከተስማማ።