ነጭ የባሌት ቀሚስና የጋዝ መብራት

ባሌት ሲባል በሐሳባችሁ የሚመጣው ያ ስስ ነጭ ቀሚስ ስመ ጥር የሆነው፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1832 ዓ.ም. ማሪ ታልዮኒ በፓሪስ ኦፔራ «ላ ሲልፊድ» በተባለው ትርኢት ለብሳው በታየች ጊዜ ነው። ተደራርቦ የተሰፋው ስስ ጨርቅ፥ የለበሰችውን ሴት ምድር ሳትረግጥ የምትንሳፈፍ መንፈስ ያስመስላት ነበር። ዳሩ ግን መድረኩ የሚበራው በጋዝ ነበልባል ስለ ነበረ፥ ጫፉን እሳት የነካው ቀሚስ እንደ ጧፍ ይነድ ነበር።

ካርትሮን የተባለ ፈረንሳዊ ልብሱን የማዕድን ጨው በሟሟበት ውኃ ነክሮ ከእሳት የሚከላከል ዘዴ አገኘ፤ የንጉሠ ነገሥቱም መንግሥት በ1859 ዓ.ም. የመድረክ ልብስ ሁሉ እሳት እንዳይዘው ሆኖ እንዲዘጋጅ አዘዘ። ነገር ግን የተነከረው ጨርቅ ይደርቃል፥ ንጣቱም ይደበዝዛል። ትእዛዝ መውጣቱና መፈጸሙ ሁለት ነገር መሆኑን ለእናንተ ለመሥሪያ ቤት ሰዎች ማስረዳት አያሻም። የታልዮኒ ደቀ መዝሙር ኤማ ሊቭሪ፥ ኀላፊነቱን ራሷ ወስዳ በተለመደው ቀሚሷ እንደምትጫወት በ1860 ዓ.ም. ለኦፔራው ሹም በደብዳቤ አስታወቀች፤ እንዳለችውም አደረገች።

በኖቬምበር 15 ቀን 1862 ዓ.ም. በልምምድ ላይ ሳለች ቀሚሷን የጋዙ ነበልባል ያዘው። ዕድሜዋ ሃያ ዓመት ነበር። ስምንት ወር ስትሠቃይ ቆይታ በጁላይ 26 ቀን 1863 ዓ.ም. ዐረፈች። ከቀሚሷ የተረፈው ቁራጭ በፓሪስ ኦፔራ ቤተ መዘክር ተቀምጧል።