አፋችሁን ከመክፈታችሁ በፊት ጠይቁ!

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ጥርስ ልትነቀሉ ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ፣ ያ የሚያብረቀርቀው ጉጠት ከእናንተ በፊት የማን አፍ ውስጥ እንደነበረ አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አስቤ አላውቅም ነበር... ሰቆጣ እስክሄድ ድረስ!

ነገሩ እንዲህ ነው። የጓደኛዬን ሠርግ ለማድመቅ ዋግ ኽምራ ወጣሁ። በሠርጉ ማግስት ሌሊት የመንጋጋ ጥርሴ አበደ! የጓደኛዬ እናት «አይዞህ ልጄ» እያሉ ቅርንፉድ አስነከሱኝ፤ ሕመሙ ወይ ፍንክች! ሰቆጣ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ያለባት ከተማ ናት። እኔ ግን ሲነጋ «ቅርብ ነው» ያሉኝ አንዲት ጠባብ ክፍል ዘው አልኩ።

ከእኔ በፊት የገቡት አባት ደም እየተፉ ወጡ። ባለሙያው ጉጠቱን በጥጥ ጠረግ አደረገና ቡታጋዝ ላይ የሚንተከተክ ብረት ድስት ውስጥ ነከረው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አልቆየም። «በል አፍህን ክፈት» አለኝ። ዓይኔን ድስቱ ላይ ተክዬ ብቀር «ፈልቷል፣ አትስጋ» አለ። ልጠይቀው ፈለግሁ፤ አፈርኩ። ሕመሙም አላስቆም አለኝ። ከፈትኩ!

ጥርሱስ ወጣ። ጭንቀቱ ግን አብሮኝ አዲስ አበባ ገባ። ነርስ የሆነችው የአክስቴ ልጅ ስነግራት ጮኸች። «ፈላ ማለት ጸዳ ማለት መሰለህ?» አለችና አስረዳችኝ። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃው መቶ ዲግሪ ሳይደርስ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። እኛ አዲስ አበባዎችም አንኩራራ! ከተማችን ከዚያም ከፍ ስለምትል ውሃችን በባሰ ዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚንተከተከው። የመንጋጋ ቆልፍን የሚያመጣው ጀርም ዘር ደግሞ መቶ ዲግሪንም ይቋቋማል። ደም ሳይታጠብ ከተነከረማ ጀርሙ በደሙ ተሸፍኖ ይተርፋል።

ትክክለኛው መንገድ ዕቃውን አጥቦና አሽጎ ኦቶክሌቭ የሚባለው ማሽን ውስጥ ማስገባት ነው። ማሽኑ እንፋሎቱን በግፊት አፍኖ 121 ዲግሪ ያደርስና ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ያቆየዋል።

እኔን ያስጨነቀኝ ግን የጉበቱ ቫይረስ፣ ሄፓታይተስ ቢ ነው። በደረቀ ደም ላይ ሆኖ እስከ ሰባት ቀን መቆየት ይችላል። ክትባቱ በአገራችን ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ እኔና ብዙዎቻችሁ በልጅነታችን አልተከተብንም። «ይሄ የድሃ አገር ጣጣ ነው» እንዳትሉ! እ.ኤ.አ. በ2013 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ከተማ፣ የአንድ ጥርስ ሐኪም የዕቃ አጸዳድ ጉድለት ሲጋለጥ ወደ 7,000 የሚጠጉ ታካሚዎች ተመርመሩ ተብለዋል። ሄፓታይተስ ሲ ከአንዱ ታካሚ ወደ ሌላው መተላለፉም ተረጋግጧል።

ቫይረሱ በምርመራ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። እነዚያን ወራት እንዴት እንዳሳለፍኩ አትጠይቁኝ! ከእጮኛዬ ጋር እንኳ ተራርቄ ከረምኩ። ውጤቱ ተመስገን ነጻ ሆነ። በዚያው ሦስቱን ዙር ክትባት ጀመርኩ። ድንገት እንዲህ ያለ ነገር ከገጠማችሁ ግን እንደ እኔ አትዘግዩ፤ ክትባቱ በ24 ሰዓት ውስጥ ቢወሰድ ይመረጣል። ለኤች.አይ.ቪ. መከላከያ መድኃኒትም ከ72 ሰዓት በፊት ሐኪም ማማከር ያስፈልጋል።

እንግዲህ ምክሬ ይኸው። ወንበሩ ላይ ስትቀመጡ «ይቅርታ ዶክተር፣ ዕቃው ከእሽጉ ሲወጣ ልየው?» በሉ። በእሽጉ ላይ ያለው ምልክት ቀለሙን ከቀየረ ሙቀት ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ጓንቱ ለእናንተ የተቀየረ፣ የማደንዘዣው መርፌና መድኃኒት ለእናንተ የተከፈተ ይሁን። ጥሩ ሐኪም በዚህ አይቆጣም፤ ከተቆጣ ደግሞ ተነሱና ውጡ! እህቶቼ፣ ድዳችሁን ለመነቀስ ስትቀመጡም ያው ነው። አንድ መርፌ ለሦስት ጓደኛሞች? በፍጹም!

እኔ አፍሬ አንዲት ጥያቄ ዋጥኩና ወራት ሙሉ እንቅልፍ አጣሁ። እናንተ አትፈሩ። ቸር እንሰንብት!