ከደንገል ታንኳ እስከ ካያክ፦ ከትንሽ ልጅ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ምን ዓይነት ጀልባ ይሻላል?

እኛ በቂርያት ጋት የቅርስ ክፍል ተማሪዎች ነን። በዚህ ዓመት እያንዳንዱ ቡድን በአገር ቤት ይሠራበት የነበረ አንድ ዕቃ መርጦ፣ ዛሬ እዚህ እስራኤል ካለው ዕቃ ጋር እያነጻጸረ እንዲጽፍ ታዘዝን። አንዱ ቡድን ጀበናን፣ ሌላው ሞሰብን መረጠ። እኛ የመረጥነው ታንኳን ነው። ለዚህም ምክንያት አለን።

ባለፈው በጋ ከመካከላችን የአንዱ አባት ያገለገለ ካያክ በርካሽ ገዝተው፣ የስድስት ዓመት ልጃቸውን ይዘው ወደ አሽቀሎን ባሕር ወረዱ። ካያኩ ሰው እግሩን ወደ ውስጥ ዘርግቶ የሚቀመጥበት ጠባብ ዓይነት ነበር። ዓሣው መንጠቆውን ሲነካ ልጁ ደስ ብሎት ወደ አንድ ጎን አዘነበለ፤ ካያኩም ተገለበጠ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቦታው ለባሕሩ ዳር ቅርብ ነበር፤ ልጁም የመንሳፈፊያ ሰደርያ ለብሶ ስለነበር ሁለቱም በደኅና ወጡ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን አባት ካያኩን አልነኩትም። ልጁ ደግሞ በየሳምንቱ «አባዬ፣ መቼ ነው የምንሄደው?» እያለ ይጠይቃል። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ለእሳቸውና እንደ እሳቸው ላሉ ወላጆች ነው።

መጀመሪያ የጠየቅነው የጓደኛችንን አያት ነው። እሳቸው ከጣና ሐይቅ በስተሰሜን በደንቢያ ተወልደው ያደጉ ናቸው። «እኛ ገበሬና ቀጥቃጭ ነበርን፤ የታንኳ ባለሙያዎቹስ ነገደ ወይጦ ናቸው» አሉን። ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ ይደርቃል፣ እየታሰረ ነዶ ይሆናል፣ ነዶውም ከነዶ ጋር ተጠፍሮ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቀዛፊው በላዩ ተቀምጦ በዘንግ ግራና ቀኝ እየቀዘፈ ይሄዳል። ደንገል ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ታንኳው ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ወጥቶ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ የሚያገለግለው ለጥቂት ወራት ነው።

ታንኳ ተራ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሙሴ ሕፃን ሳለ የተቀመጠበት ሣጥን የደንገል እንደነበረ በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 2 ተጽፏል። በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 18 ደግሞ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ያለው አገር መልእክተኞቹን በደንገል ጀልባ እንደሚልክ ተነግሯል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል ከጣና በተወሰደ ደንገል «ራ» የተባለውን ጀልባ አሠርቶ ከሞሮኮ ተነሣ። ያ ጀልባ መንገዱን ሳይጨርስ ቢፈርስም በ1970 ዳግመኛ የተሠራው «ራ ሁለት» አትላንቲክን ተሻግሮ ባርቤዶስ ደርሷል። ደንገል በእኛም አገር በሰሜን፣ በሑላ ሸለቆ ይበቅላል።

ካያክም እንደ ታንኳ የድሮ ሰዎች ጥበብ ነው። በሰሜን ዋልታ አካባቢ የሚኖሩት የኢኑዊት ሕዝቦች ከእንጨትና ከአጥንት በተሠራ አጽም ላይ የባሕር እንስሳ ቆዳ ወጥረው ለአደን ይሠሩት ነበር። ብርድና ማዕበል ስላለባቸው ሰውየው ከወገቡ በታች ጀልባው ውስጥ ይገባል። ዛሬ ካያክ በብዛት የሚሠራው ከፕላስቲክ ሲሆን፣ በሁለት ዓይነት ይከፈላል፦ በውስጡ የሚገባበትና በላዩ የሚቀመጡበት።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። ከትንሽ ልጅ ጋር ዓሣ ለማጥመድ ካያክ ስንመርጥ የምናያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ አቀማመጡ። በውስጡ የሚገባበት ካያክ ከተገለበጠ ውኃ ይሞላል፤ ያለ ልምድ መልሶ መውጣትም ከባድ ነው። በላዩ የሚቀመጡበት ግን ልክ እንደ ታንኳ ነው። ወለሉ ላይ ቀዳዳዎች ስላሉት የገባው ውኃ በራሱ ይወጣል፤ ቢገለበጥም አቃንቶ እንደገና ላዩ ላይ መውጣት ይቻላል። ስለዚህ ከልጅ ጋር ለሚወጣ ሰው የሚሻለው ይህኛው ነው።

ሁለተኛ፣ ስፋቱ። ጠባብ ካያክ ይፈጥናል፣ ነገር ግን ይወላገዳል። ልጅ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ስለዚህ ስፋቱ 80 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ ርዝመቱም ከ3 ሜትር ተኩል እስከ 4 ሜትር የሆነውን ብንመርጥ ይበጃል። ለሁለት ሰው ተሠርቶ መካከሉ ላይ ሦስተኛ ትንሽ መቀመጫ ያለውም ለቤተሰብ ይመቻል።

ሦስተኛ፣ የሚሸከመው ክብደት። በካያኩ ላይ የሚችለው ክብደት ተጽፎ ይገኛል። የምንጭነው ከዚያ ከሁለት ሦስተኛው ባይበልጥ ጥሩ ነው። ለምሳሌ አባት 80 ኪሎ፣ ልጅ 22 ኪሎ፣ ዕቃው 10 ኪሎ ቢሆን በድምሩ 112 ኪሎ ይሆናል። ስለዚህ 170 ኪሎ ገደማ የሚችል ካያክ ያስፈልጋል። 130 ኪሎ የሚል ቢሆን «ይበቃል» ብለን መግዛት የለብንም። አያታችን ይህን ስንነግራቸው «በታንኳም እንዲሁ ነው፤ ብዙ ከጫንህበት ውኃው መቀመጫህ ድረስ ይመጣል» አሉን።

አራተኛ፣ ማስቀመጫና መሸከሚያ። ለሁለት ሰው የሚሆን የፕላስቲክ ካያክ ሠላሳ ኪሎ ያህል ሊመዝን ይችላል። ብዙዎቻችን የምንኖረው ሊፍት በሌለው ሕንፃ በሦስተኛና በአራተኛ ፎቅ ነው። በአየር የሚነፋው ካያክ ታጥፎ ቁም ሣጥን ውስጥ ስለሚገባ መልካም ይመስላል። ነገር ግን ቀላል ስለሆነ ነፋስ ይገፋዋል፣ መንጠቆም ሊበሳው ይችላል። የሚነፋ ከተገዛ ወፍራምና አየር የሚይዙ ብዙ ክፍሎች ያሉት ይሁን። የመዋኛ መጫወቻ ሆኖ የሚሸጠው ለባሕር አይሆንም። ከመግዛት በፊት አንድ ቀን ተከራይቶ መሞከርም ገንዘብ ያድናል።

አምስተኛ፣ የልጁ ቦታ። ልጁ ከፊት ይቀመጥ፣ አባት ወይም እናት ከኋላ ሆነው ይዩት። ልጁን ከካያኩ ጋር በገመድ ማሰር ፈጽሞ አይገባም፤ ካያኩ ቢገለበጥ ከሥር ይይዘዋልና። ከልጅ ጋር ስንወጣ አንድ ዘንግ ብቻ ይበቃል። የመንጠቆውን ተቃራኒ እሾህ በፒንሳ ተጭኖ ማስተኛት ጣት ሲወጋ በቀላሉ እንዲወጣ ይረዳል።

ከካያኩ ይልቅ የሚበልጠው ግን በዕብራይስጥ ሐጎራት ሃጻላ የምንለው ሰደርያ ነው። በልጁ ክብደት ልክ ይገዛ፤ ሲያድግ ይደርሰዋል ተብሎ ሰፊ አይገዛም። አንገቱን የሚደግፍ፣ በእግሮቹ መካከል የሚያልፍ ማሰሪያና ከጀርባው መያዣ ያለው ይሁን። ትከሻው ላይ ይዘን ስናነሣው ሰደርያው ወደ ጆሮው የሚወጣ ከሆነ ልኩ አይደለም። በክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ በሰደርያ ፈንታ አያገለግልም። ወላጁም ራሱ ይልበስ፤ ወላጁ ካልለበሰ ልጁን የሚያድነው ማን ነው?

የት እንውጣ? ከቂርያት ጋት ቅርብ የሆነው የአሽቀሎንና የአሽዶድ ባሕር ነው። በመዋኛ ዳርቻ ነጭ ባንዲራ ደኅና፣ ቀይ አደገኛ፣ ጥቁር ክልክል ማለት መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ባንዲራው ነጭ ቢሆንም የነፋሱን አቅጣጫ ማየት ያስፈልጋል። ከምሥራቅ የሚነፍስ ነፋስ ባሕሩን ዝም ያሰኘዋል፣ ካያኩን ግን ወደ ጥልቁ ይገፋዋል። በኪኔሬትም በበጋ ከቀትር በኋላ ከምዕራብ ኃይለኛ ነፋስ ስለሚነሣ ማለዳ ወጥቶ በጊዜ መመለስ ነው። ከአሽቀሎን በስተደቡብ ወደ ጋዛ አቅጣጫ ለጀልባ የተከለከለ የባሕር ክፍል አለ። የዓሣ ማጥመድ ደንቡንና የተከለከለውን ወቅት ደግሞ ከግብርና ሚኒስቴር የዓሣ ክፍል አስቀድሞ መጠየቅ ይገባል። ስልክ ውኃ በማያስገባ ከረጢት፣ ፉጨት፣ ውኃና ባርኔጣ አይረሱ። ችግር ቢደርስ የማጌን ዳዊድ አዶም ቁጥር 101 ነው።

ስለ ዓሣውም አንድ ነገር እንጨምር። በጣና የሚታወቀው ቆሮሶ በኪኔሬት ካለው ሙሽት ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ሁለቱም ክንፍና ቅርፊት ስላላቸው ይበላሉ። አምባዛም በሁለቱም ሐይቆች ይገኛል፤ ቅርፊት ስለሌለው ግን በኦሪት ሕግ አይበላም። ልጁ አምባዛ ቢይዝ ወደ ውኃው ሲመልስ ምክንያቱን መንገር ነው። እንዲህ ሲሆን ዓሣ ማጥመድም ትምህርት ይሆናል።

በመጨረሻም ያን ጽሑፍ ለጓደኛችን አባት አነበብንላቸው። ዝም ብለው ሰሙን፣ ከዚያም «እኔ ፈርቼ የተውኩት ባሕሩን መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጥፋቱ የመረጥኩት ጀልባ ነው» አሉ። ጠባቡን ካያክ ሸጠው በላዩ የሚቀመጡበትን ሰፊ ካያክ ለአንድ ቀን ሊከራዩ አስበዋል። መጀመሪያ ግን ጥልቀቱ ከወገብ በማይበልጥ ጸጥ ያለ ውኃ ከልጃቸው ጋር ሆን ብለው ገልብጠውት እንደገና መውጣትን ይለማመዳሉ። ልጁ ይህን ሲሰማ ከሁሉም በላይ ደስ ያለው መገልበጡ ነው።

ውድ ወላጆች፣ ስለ ታንኳ፣ ስለ ጣናና ስለ ደንቢያ የምታውቁትን ብትነግሩን በሚቀጥለው ዓመት መጽሔት እንጽፈዋለን። አያታችን ደንገል ባገኝ ትንሽ ታንኳ አስሬ አሳያችኋለሁ ብለውናል፤ እኛም እየጠበቅን ነው።