አራልን ማን ጠጣው?

ስለ ውኃ እጥረት በተነሳ ቁጥር አንድ ወዳጄ ‹‹የላይኛው አገር ገደበ፣ የታችኛው ተጠማ፤ ሌላ ምን አለው?›› ይለኛል። የዓባይ ልጆች ስለሆንን የውኃ ፖለቲካ የሚታየን በግድብ በኩል ነው። እኔ ደግሞ በመስኖ ሥራ ስለቆየሁ መጀመሪያ የማየው ቦዩን ነው። ስለዚህ ወዳጄን ወደ መካከለኛው እስያ እወስደዋለሁ።

አራል እ.ኤ.አ. በ1960 ወደ 68 ሺሕ ስኩዌር ኪሎ ሜትር የሚሰፋ፣ ከዓለም አራተኛ የሆነ ሐይቅ ነበር። የሚመግቡትን ሁለት ወንዞች፣ አሙ ዳሪያንና ሲር ዳሪያን፣ ሶቪየት ኅብረት ለጥጥ እርሻ ጠለፈቻቸው። በ2007 ከሐይቁ የቀረው የቀድሞ ስፋቱ አንድ አሥረኛ ያህል ነበር። የዓሣ አስጋሪዎች ወደብ በነበረችው ሞይናክ ዛሬ መርከቦቹ አሸዋ ላይ ተጋድመው ይታያሉ።

ይሁንና ከወንዞቹ የተወሰደውን ውኃ ሁሉ ጥጡ አልጠጣውም። ከ1954 ጀምሮ የተቆፈረው የካራኩም ቦይ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጦ ቱርክሜኒስታንን ያጠጣል፤ አብዛኛው ክፍሉ ግን በኮንክሪት አልተለበጠም። አሸዋው ድርሻውን ይወስዳል። ማሳው ላይ የደረሰውም ቢሆን፣ ትርፉን የሚያወጣ ማፋሰሻ ከሌለ የከርሰ ምድሩን ውኃ ወደ ላይ ያነሳዋል። ይኼ ውኃ በአፈሩ ተስቦ ወጥቶ ሲተን ጨውን ላዩ ላይ ትቶት ይሄዳል። የኡዝቤኪስታን ገበሬ ታዲያ ምን ያደርጋል? ከመዝራቱ በፊት ጨውን ለማጠብ ማሳውን በውኃ ያጥለቀልቃል። ማፋሰሻው ካልሠራ ያጠበበት ውኃ መልሶ የከርሰ ምድሩን ያነሳል። ዓመት ዓመት እንዲህ ነው። ነገሩ ሩቅ የመሰለው ሰው አሚባራ ወርዶ፣ በአዋሽ ውኃ ጥጥ ሲለማበት የኖረ መሬት በጨው ነጥቶ ይመልከት፤ እኔ መጀመሪያ ሳየው ኖራ የተነሰነሰበት መስሎኝ ነበር።

ፖለቲካው የመጣው በዚህ ላይ ነው። በሶቪየት ዘመን ኪርጊስታን በቶክቶጉል ግድብ ያጠራቀመችውን ውኃ በሞቃቱ ወራት ለታችኞቹ እርሻ ትለቅ ነበር፤ በምትኩ ለብርዱ ወራት ከሰልና ጋዝ ይላክላታል። ከ1991 በኋላ ነዳጁ በገበያ ዋጋ ሆነ፣ ውኃው ግን ነፃ እንዲሆን ተፈለገ። ኪርጊስታንም በብርዱ ለኤሌክትሪክ መልቀቅ ጀመረች፤ ኡዝቤኪስታንና ካዛኪስታን በብርዱ ጎርፍ፣ በሙቀቱ ጥም ገጠማቸው። ልውውጡን ለመመለስ በ1998 የተፈረመው ስምምነትም ብዙ አልዘለቀም። በ2012 የኡዝቤኪስታኑ ፕሬዚዳንት እስላም ካሪሞቭ በጎረቤቶቻቸው ግድቦች የተነሳ የውኃው ጉዳይ ጦርነት እስከ ማስነሳት ሊደርስ ይችላል አሉ። በገዛ አገራቸው ቦይ ሰርጎ በሚቀረው ላይ መቼም ጦርነት አይታወጅም።

እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ አፍጋኒስታን ከአሙ ዳሪያ ውኃ የሚወስድ፣ 285 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የቆሽ ቴፓ ቦይ መቆፈር ጀመረች። አምስቱ የመካከለኛው እስያ አገሮች በ1992 ሲፈራረሙ እሷ የስምምነቱ አካል አልነበረችም፤ ድርሻዬን ልውሰድ ብትል አይፈረድባትም። የሚያሳዝነው ይኼም ቦይ በአብዛኛው ሳይለበጥ አፈር ላይ መቆፈሩ ነው። ኡዝቤኪስታን በበኩሏ 2024ን ቦዮቿን በኮንክሪት የምትለብጥበት የዘመቻ ዓመት አደረገችው። ይህን ስነግረው ወዳጄ ‹‹ይኼን ለማድረግ የማንን ፈቃድ ሲጠብቁ ነበር?›› አለኝ።