የሙስሊሞች አሻራ በፓሌርሞ

ጣሊያንን የሚጎበኙ ጥንዶች አብዛኛውን ጊዜ ሮምን፣ ፍሎረንስንና ቬኒስን አይተው ይመለሳሉ። እኛ ባልና ሚስት ግን ወደ ሲሲሊ ደሴት፣ ወደ ፓሌርሞ ተሻገርን። ውድ አንባቢያን! ይህች ከተማ እ.ኤ.አ. ከ831 እስከ 1072 በሙስሊሞች ትተዳደር ነበር። በካቴድራሉ ደቡባዊ መግቢያ ካሉት ምሰሶዎች በአንዱ ላይ ከሱረቱል አዕራፍ የተወሰደ አንቀጽ በዐረብኛ ተቀርጿል። ብዙው ጎብኚ ሳያየው ያልፋል፤ እኛ ግን ፊደል በፊደል እየተከተልን ቆየን። ማሻአላህ!

ክርስቲያኑ ንጉሥ ዳግማዊ ሮጀር በ12ኛው ክፍለ ዘመን ያሠራው የቤተ መንግሥት ጸሎት ቤትም የእንጨት ጣሪያው በኩፊ ጽሕፈት ያጌጠ ነው። አል-ኢድሪሲ በ1154 የፈጸመውን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ያዘጋጀው ለዚሁ ንጉሥ ነበር። ጥበቡ ተወደደ፤ ባለቤቶቹ ግን አልተፈለጉም። የሮጀር የልጅ ልጅ ዳግማዊ ፍሬድሪክ የደሴቲቱን ሙስሊሞች ወደ ሉቼራ አፈለሳቸው። በ1300 ሰፈራቸው ፈረሰ፤ ብዙዎቹም ለባርነት ተሸጡ።