የስኳር በሽታ ምልክቶችና ለወላጅ የማስረዳት ዘዴ

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላል የአገራችን ብሂል። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ ታማሚው በሽታውን ሳይደብቅ፣ የተናገረው ቃል በሰሚው ዘንድ ክብደት ሳያገኝ ይቀራል። ቀጥሎ የቀረበው ጽሑፍ በእናንተ ዕድሜ የሚገኙ ወጣቶችን ሊይዝ የሚችለውን የስኳር በሽታ ምንነትና ምልክቶቹን፣ እንዲሁም ምልክቶቹ ሲታዩ ለወላጅ እንዴት ማስረዳት እንደሚገባ ይገልጻል።

በመጀመሪያ የበሽታውን ምንነት እንመልከት። የምንመገበው እንጀራ፣ ዳቦና ድንች በአንጀት ውስጥ ከተፈጨ በኋላ አብዛኛው ክፍሉ ግሉኮስ ወደሚባል የስኳር ዓይነት ተለውጦ ወደ ደም ይገባል። ይህ ስኳር ኃይል የሚሰጠው ግን ከደም ወደ ሕዋሳት ሲገባ ነው። ለዚህም በር ከፋች የሆነው ኢንሱሊን የተባለው ሆርሞን ሲሆን፣ የሚመነጨውም ከጨጓራ በስተጀርባ ከሚገኘው ከቆሽት ነው። አንደኛው ዓይነት ተብሎ የሚታወቀውና በልጆች ላይ በብዛት የሚታየው የስኳር በሽታ የሚከሠተው፣ የሰውነት የመከላከያ ኃይል በስሕተት የራሱን ኢንሱሊን አመንጪ ሕዋሳት ሲያጠፋ ነው።

እዚህ ላይ የበሽታው መጠሪያ ራሱ ብዙዎችን እንደሚያሳስት ልብ በሉ። «የስኳር በሽታ» ሲባል ስኳር አብዝቶ በመብላት የሚመጣ የሚመስላቸው አሉ። ስያሜው ግን የበሽታውን መንሥኤ ሳይሆን በደምና በሽንት ውስጥ የሚገኘውን ነገር ያመለክታል። አንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ ጣፋጭ በመብላት አይመጣም፤ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ለሀብታም ወይም ለሽማግሌ ብቻ የተወሰነም አይደለም።

ምልክቶቹ እርስ በርሳቸው የተያያዙ ናቸው። ወደ ሕዋሳት መግባት ያልቻለው ስኳር በደም ውስጥ ሲበዛ፣ ኩላሊት ትርፉን በሽንት ያስወጣል። የጥንት የሕንድ ሐኪሞች የእንዲህ ያለ በሽተኛ ሽንት ጉንዳን እንደሚስብ ያስተዋሉት ከዚህ የተነሣ ነው። ስኳሩ ሲወጣ ውሃን አብሮ ስለሚስብ ታማሚው ቶሎ ቶሎ ይሸናል፤ ሌሊትም ከእንቅልፉ ይነሣል። ብዙ ውሃ ስለሚያጣም ይጠማል። ሕዋሳቱ ምግብ ስላላገኙ ይደክመዋል፤ ይርበዋል፤ እየበላም ይከሳል። ዓይኑም ሊደበዝዝ ይችላል። እንግዲህ ልጁ ቶሎ ቶሎ የሚሸናው ውሃ ስላበዛ ሳይሆን፣ ውሃ የሚያበዛው ቶሎ ቶሎ ስለሚሸና ነው። ስለዚህ «ውሃ ቀንስ» ብሎ መከልከል ይጎዳዋል እንጂ አይጠቅመውም።

ሕክምናው ከዘገየ ሰውነት ስብን በብዛት ማቃጠል ይጀምርና በደም ውስጥ አሲድ ይጠራቀማል። በዚህ ጊዜ ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠት፣ ጥልቅና ፈጣን አተነፋፈስ፣ የበሰለ ፍራፍሬ የሚመስል የአፍ ጠረን፣ እንዲሁም መፍዘዝ ይታያሉ። እነዚህ የአደጋ ምልክቶች ናቸው። የወባ ወይም የጨጓራ ሕመም መስለው ሊያሳስቱ ስለሚችሉም፣ የደም ስኳር ሳይለካ በግምት ማለፍ ለሞት ሊያደርስ ይችላል።

በሌላ በኩል፣ በጊዜ የተደረሰበት ሰው በሕክምና ረጅም ዕድሜ ሊኖር ይችላል። በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ፍሬድሪክ ባንቲንግና ቻርልስ ቤስት በ1921 እ.ኤ.አ. ኢንሱሊንን ከእንስሳት ቆሽት ለማውጣት ችለዋል። በጥር ወር 1922 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በኢንሱሊን የታከመው ሊዮናርድ ቶምሰንም በአሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኝ ልጅ ነበር። ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ በሽታ የያዘው ልጅ ብዙ ጊዜ ሳይቆይ ይሞት ነበር፤ ቶምሰን ግን ከዚያ በኋላ 13 ዓመታት ኖሯል። ዛሬ ኢንሱሊናቸውን ሳያቋርጡ እየወሰዱ የሚማሩ፣ የሚሠሩና ልጆች የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች አሉ።

ታዲያ ወላጅ የልጁን ሕመም ሰምቶ ቸል የሚለው ለምንድን ነው? በአብዛኛው ከፍቅር ማነስ አይደለም። ድካሙን ከዕድገት፣ ከጥናት ወይም ከስንፍና የተነሣ አድርጎ ይገምተዋል፤ የሕክምናው ወጪ ያሳስበዋል፤ ወይም ደግሞ የተነገረው ቃል ለግምት የተጋለጠ ነው። የሚከተሉትን ሁለት አነጋገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. «አባባ፣ ዝም ብሎ ይደክመኛል፤ ደስ አይለኝም።»

ለ. «አባባ፣ አንድ ነገር ላማክርዎ። ካለፉት ሁለት ሳምንታት ወዲህ ሌሊት ለሽንት አራት ጊዜ እነሣለሁ፤ ቀድሞ ግን አልነሣም ነበር። በቀን ሁለት ጆግ ውሃ ጠጥቼም ጥማቴ አይቆርጥልኝም። ደኅና እየበላሁ ቀበቶዬን ሁለት ቀዳዳ አጥብቄአለሁ። ስኳር በሽታ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ወስደው ደሜን ያስለኩልኝ።»

የመጀመሪያው አነጋገር «ምች ይሆናል፣ ትንሽ ተኛ» የሚል መልስ ቢያስከትል አያስደንቅም። ሁለተኛው ግን አራት ነገሮችን አሟልቷል። ይኸውም ጊዜውን ወስኗል፤ መጠኑን በቁጥር ገልጿል፤ የቀድሞውን ከአሁኑ አነጻጽሯል፤ በመጨረሻም የሚፈለገውን ነገር በግልጽ ጠይቋል። በተጨማሪም በሽታውን በራሱ አልወሰነም። ብዙ መሽናትና መድከም በሌላ ምክንያትም ሊመጣ ስለሚችል፣ ቁርጡን የሚናገረው ምርመራው ነው።

ምርመራውም ከባድ አይደለም። ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ውጤቱ ይታወቃል። እነዚህ ምልክቶች በሚታዩበት ሰው ላይ በማናቸውም ሰዓት የተለካው የደም ስኳር በዴሲሊትር 200 ሚሊግራም ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ የስኳር በሽታ መኖሩን ያመለክታል። ይህን ለወላጅ ማስረዳት የወጪውንም ሥጋት ሊያቀልል ይችላል።

ስትናገሩ ወላጃችሁ ከሥራ ጥድፊያ ፋታ ያገኘበትን ሰዓት ምረጡ። የሌሊቱን ቁጥር በማስታወሻ ደብተር መጻፍ ይረዳል፤ ሆኖም ማስታወሻ ለመሙላት ሲባል ምርመራው መዘግየት የለበትም። ቃላችሁ ሰሚ ካጣ፣ ወላጅ የሚያከብረውን አያት፣ አጎት ወይም አክስት አማልዱ፤ ለክፍል ኃላፊ መምህራችሁ ወይም ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ንገሩ። ይህ ወላጅን መክሰስ ሳይሆን ወላጅን መርዳት ነው። ጠበል መጠመቅ የሚሻ ቤተሰብ ቢኖርም፣ ምርመራውንና ኢንሱሊኑን ሊያስቀር አይገባም። ከላይ የተዘረዘሩት የአደጋ ምልክቶች ከታዩ ግን የምክር ጊዜ አልፏል፤ በአቅራቢያ የሚገኘውን ሰው ጠርቶ ወዲያውኑ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ግዴታ ነው።

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚቀረው ሹመት ሳይሆን ሕይወት ሊሆን ስለሚችል፣ መናገር ብቻ ሳይሆን በሚገባ መናገር ያስፈልጋል። በገላጭ ድርሰት የምትማሩት ጊዜን፣ መጠንንና ንጽጽርን የማሟላት ልማድም ከመማሪያ ክፍል ውጭ እንዲህ ላለው ጊዜ ያገለግላል።

መልመጃ

1. ታማሚው ውሃ የሚጠማው ለምንድን ነው? ምክንያትና ውጤቱን በማያያዝ በአንድ ዓረፍተ ነገር ግለጹ።

2. «የስኳር በሽታ» የሚለው ስያሜ የሚያሳስተው እንዴት ነው?

3. «እናቴ ሆይ፣ ዓይኔ ልክ አይደለም» የሚለውን አነጋገር ጊዜ፣ መጠን፣ ንጽጽርና ጥያቄ እንዲኖረው አድርጋችሁ አሻሽሉት።